ሁለት ጊዜ የሚታለፍ ቤት

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አዘንብሉት!»

«የማን ግራ ነው ጋሽ ዑቕባዝጊ? የኛ ወይስ የሟቹ?»

«የሟች ግራ አይቆጠርም! ግንባሩን ጠብቁ፣ ግንባሩን!»

ከፍያለው በተቀበረ በማግስቱ ወደ ገዛ ቤቱ በጎኑ ገባ። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ሰባ ሳንቲም ነበር። ሮማ ውስጥ ፒኜቶ ሰፈር ያለው አፓርታማ ደረጃ ጠባብ በመሆኑ ሁለት ጎልማሶች ፎቶውን ተሸክመው ሦስት ፎቅ ሙሉ ሲታገሉ ቆይተዋል። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዑቕባዝጊ ባዶ እጃቸውን ከኋላ ሆነው ያዛሉ። ጋሽ ዑቕባዝጊ የሮማን ሐበሻ በሙሉ እኩል ይወዳሉ፤ የሞተውን ግን ትንሽ ያስበልጣሉ። ሰው በሞተ ቁጥር ፎቶውን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ ካለ ማተሚያ ቤት ወስደው ያስተልቁታል። በሕይወቱ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰው እንኳ ቢያንስ ሲሞት መታየት አለበት ባይ ናቸው።

ሚስቱ እታገኘሁ ግድግዳው ሥር ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፎቶው ዞረና ባሏ ከነጥርሱ ሲስቅ አየችው። ከዚያ ከበስተጀርባው ያለውን አየች።

በቀኝ ትከሻው በኩል አሮጌ የእንጨት በር። ከበሩ በላይ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ የሸክላ ጣሪያ። በግራው የወይራ ዛፎች፣ ከወይራው ወዲያ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ብቻውን የተጋደመ ረጅም ተራራ።

ወደ ጎን ተደፋች። ጎረቤቷ ኣስገደት ቀድማ ደርሳ ውሃ ረጨችባት።

«ፎቶውን አይታ እኮ ነው፣ የኔ እናት!» አለች ኣስገደት ለተሰበሰበው።

እውነቷን ነበር።

ጥፋቱ የጋሽ ዑቕባዝጊ አልነበረም። ከፍያለው የሞተ ቀን «ፎቶ አምጪ» ሲሏት የሟቹን ስልክ ከፍታ የሰጠቻቸው ራሷ ናት። «የሚስቅበትን ይምረጡ» ያለችውም ራሷ ናት። ከፍያለው የሚስቅበት ፎቶ በዓለም ላይ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም «አጥፋው» ብላ ለምናው «እሺ» ማለቱን በዚያች ሰዓት ማን ያስታውሳል?

«ስጡኝ፣ እኔ ልስቀለው» አለ አንድ ሰው ከበሩ አጠገብ ተነስቶ። ኮቱን አወለቀ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ምስማሩን በሦስት ምት አስገባ። ፎቶውን ሰቅሎ ራሱን ወደ ኋላ አድርጎ አስተያየው።

«እትዬ፣ ቀጥ ብሏል?» ሲል ጠየቃት።

ይህ ሰው መስፍን ነው። እንዲያ አስተካክሎ በሰቀለው ፎቶ ላይ ከሚታየው በር ወዲያ፣ በዚያች ደቂቃ፣ የገዛ ሚስቱ ሶፍያ ከስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር ተሸሽጋ ትኖር ነበር።

እታገኘሁ «ቀጥ ብሏል» አለችው።

መስፍን አስተርጓሚ ነው። በሮማ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሜሶው፣ የሚታደስለት፣ የአድራሻ ምዝገባ፣ ሬዚደንሳ፣ የሚያወጣ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሐበሻ ግማሹ በመስፍን ምላስ ነው የሚናገረው። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ የውሃ ካርቶን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፣ አሮጊት ደግፎ ያወርዳል። ከአሥራ አራት ወር በፊት ሶፍያ ልጁን ይዛ ስትጠፋበት ሕዝቡ አዘነለት፤ እስከ ዛሬ ምሳ የሚልኩለት ሴቶች አሉ። የሶፍያን የተሰበረ የእጅ አንጓ ያዩ ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ትናንት ተቀበረ።

ለምን አልከሰሰችውም የሚል አይጠፋም። ልትከስ ሄዳ ነበር። ጣሊያንኛዋ አልበቃ ሲል ቢሮው «አስተርጓሚ እንጥራልሽ» አላት። ተጠራ። መስፍን መጣ።

የለቅሶ ቤት በር ደግሞ አይዘጋም። በማንም ላይ። እታገኘሁ ዕድሜ ልኳን የወደደችው ይህ ወግ አሁን አንገቷን አንቆ ያዛት። የምትፈራው ሰው ሲገባ ብድግ ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ሞካ በሚሉት የጣሊያን ማፍያ የፈላው ቡና ይቀዳለታል፣ ንፍሮ ይዘገንለታል። ሲወጣም «እግዜር ይስጥልን፣ ነገም አይቅርብን» ይባላል።

ነገም አይቀርም።

* * *

ማእድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ሰሃን እያጠቡ ያንሾካሹካሉ።

«ጨጓራ ነበረበት እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልነበረበት።»

«ታዲያ አሥራ ሁለት ዕቃ እርጎ ምን ያደርግለታል? ሜትሮ ደረጃው ላይ ሲወድቅ ከረጢቱ ተቀዶ ሁሉም ፈሶ ነበር አሉ። አምቡላንሶቹ ያንሸራትታቸው ነበር።»

«ስኳር ይሆናላ።»

«ሐሙስ ከሰዓት? ለዓርብ ዋዜማ? እንግዲህ እግዜር ይፍታው።»

እታገኘሁ ከፍራሹ ላይ ሆና ሰማች። ከፍያለው እርጎ አይወድም ነበር። እርጎው የጣሪያው ነበር።

ከፍያለው በወጣትነቱ የመሃንዲስ ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር። ሥራው ታንክና የነዳጅ በርሜል ከአውሮፕላን ዓይን መሰወር ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ጦሩ ተበተነ፣ ከፍያለው በሱዳንና በሊቢያ አልፎ ሮማ ገባ። ቪያ ኩርታቶኔ በሚባል ጎዳና ስደተኞች በያዙት ባዶ ሕንፃ ውስጥ አራት ዓመት ኖረ። በአንድ ነሐሴ ፖሊስ ሕንፃውን ሲያስለቅቅ ፍራሽና ድስት አደባባይ ላይ ተበትኖ አየ። ብዙዎቹ ከዚያ ቀን ቁጣ ይዘው ወጡ፤ ከፍያለው ይዞ የወጣው አንድ ሐሳብ ነው፦ «አድራሻውን ሰው ሁሉ ያወቀው ቤት የማንም ነው።»

ሚስቱ ያኔ ለአንዲት አሮጊት አስታማሚ፣ እዚያ እንደሚሉት ባዳንቴ፣ ነበረች። አሮጊቷ ሲያርፉ ልጃቸው ከሮማ ወጣ ብሎ በሳቢና ኮረብታ ላይ የነበራቸውን የፈራረሰ የገበሬ ቤት «ውሰዱልኝና ግብሩ ከላዬ ይውረድ» ብሎ በማይረባ ዋጋ አዞረላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመድ ጠርቶ በግ ያርድ ነበር። ከፍያለው ቤቱን አዳፍኖ ቀበረው ማለት ይቀላል።

መጀመሪያ የፖስታ ሣጥኑን ነቀለ። ከመንገዱ ወደ በሩ የሚያስገባውን ቀጥ ያለ መግቢያ ዘግቶ በጎን በኩል ጠማማ አወጣ። በአሮጌው መግቢያ ላይ ሮቮ የሚሉትን እሾህ ተከለና ውሃ እያጠጣ አሳደገው፤ እሾህ በውሃ የሚያሳድግ ሰው በሳቢና ታሪክ የመጀመሪያው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አውራ ዶሮውን ስለሚጮህ ለሩቅ ገበሬ ሰጥቶ ሴቶቹን አስቀረ። ማገዶ ከለከለ፤ ጭስ አይወጣም። ልብስ ውጭ አይሰጣም። ስልክ ወደ ቤቱ አይገባም። ከመንገዱ ዳር «ይሸጣል» የሚል የዛገ ሰሌዳ አቆመና የስልክ ቁጥሩን በአሸዋ ወረቀት ፋቀው።

«በዚህ አገር ለአሥር ዓመት ሲሸጥ የኖረን ቤት ማንም ቀና ብሎ አያየውም» አላት።

አዲሶቹ የጣሪያ ሸክላዎች ግን ቀልተው ከሩቅ ያበራሉ። አንድ ቀን ብሩሽ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣና እርጎ ይቀባቸው ጀመር።

«ከፍያለው፣ አብደሃል?»

«እርጎ የጠጣ ድንጋይ አረንጓዴ ያበቅላል። ሁለት ዓመት ቆዪና ከዚህ ዛፍ ለይተሽ አታይውም።»

«በሁዳዴ እንኳ አታርፍም?»

«ጣሪያ አይጾምም።»

እታገኘሁ በሆዷ ሳቀችበት። ከአንድ መንደርተኛና ከሁለት ከርከሮ በቀር ማንም ዝር የማይልበትን ቤት ከማን ነው የሚደብቀው? ይህን ፌዟን እስከዚያች እሁድ ድረስ ይዛ ኖረች። የዚያን እሁድ መነኩሴዋ ሲስተር ወለተ ገብርኤል ሶፍያንና ልጇን በገዳሟ አሮጌ ፓንዳ መኪና ጭና ፒኜቶ በራቸው ላይ አቆመቻቸው። ሶፍያ አንጓዋን በሻሽ አስራ ነበር። መስፍን ሁለት ጊዜ ከተደበቀችበት አግኝቶ መልሷታል፣ ሁለቴም በስልኳ ነው።

«የምትሸሽግበት ቦታ ታውቃላችሁ?» አለች ሲስተር።

ከፍያለው ሚስቱን አየት አደረገ። ጫማውን ማድረግ ጀመረ።

* * *

ፎቶው በተሰቀለ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። የሐዘን ወሬ ያልቃል፤ ሰው ተቀምጦ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ፎቶው ደግሞ ፊት ለፊት ነው።

«ግሩም ቦታ ነው» አሉ ጋሽ ዑቕባዝጊ። «የት ይሆን?»

«አንድ ቀን ለሥራ የሄደበት ነው» አለች እታገኘሁ። «ስሙን እንጃ።»

«ፍራስካቲ ነው» አለ አንዱ።

«ምን ፍራስካቲ ነው! ፍራስካቲ ወይን እንጂ እንዲህ ያለ ወይራ አለው?»

እዚህ ላይ ዶክተር ሕዝቅኤል መነጽሩን አወለቀ። ዶክተር ሕዝቅኤል ከዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅቶች በአንዱ የሰብል ባለሙያ ነው፤ በለቅሶ ቤት ሙያው ተፈልጎ አያውቅም። ተነስቶ ፎቶው ሥር ቆመ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለ። «ቅርንጫፉ ወደ ታች ይወርዳል፣ አያችሁ? አገራረዙንም ተመልከቱ። ይሄ የሳቢና ወይራ ነው። እጄን እቆርጣለሁ።»

እታገኘሁ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«ይቅርታ ዶክተር» አለ ከጥግ አንድ የሴሚናሪ የክህነት ተማሪ። «ያ ተራራ ሶራቴ ነው! አናቱ ላይ ጸሎት ቤት አለ፣ ባለፈው በጋ በእግር ወጥተነዋል።»

«ሶራቴ ከሳቢና ይታያል?»

«በደንብ እንጂ! ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ።»

«ቆዩ፣ ቆዩ» አሉ ጋሽ ዑቕባዝጊ፤ ዓይናቸው በርቷል። «ጥላውን እዩ። ብርሃኑ ከተራራው በኩል ነው። ከሰዓት ከሆነ ተራራው ምዕራብ ሆነ። ተራራው ደግሞ ጎኑን ዘርግቶ ነው የሚታየው። እንግዲህ ቤቱ በትክክል ፊት ለፊቱ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ ነው ማለት ነው!»

«ጋሽ ዑቕባዝጊ፣ መርማሪ መሆን ነበረብዎት!»

ሐዘንተኛው ሁሉ ደስ አለው። ለሟቹ አንድ ነገር ያደረጉለት መሰላቸው። እታገኘሁ ዙሪያዋን አየች። እነዚህ ሰዎች ትናንት መቃብር አፋፍ ላይ ደግፈዋታል፣ ሾርባ በማንኪያ አጉርሰዋታል። አሁን ደግሞ በፍቅርና በእውቀት ተጋግዘው ሶፍያን ከጉድጓዷ እየጎተቱ ያወጧታል። አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም። የሚያስፈራው እሱ ነው።

መስፍን እንደ ጎበዝ ተማሪ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲያይ ቆየና ተነስቶ ወደ ፎቶው ተጠጋ።

«ጋሼ ከፍያለው ገጠር ይሠራ ነበር እንዴ? ለኔ አንድ ቀን አልነገረኝም።»

«አንዴ ብቻ ነው አልኩህ» አለች።

«ይሄ የማን ቦቲ ነው?»

ከበሩ ሥር፣ ከከፍያለው ጉልበት አጠገብ፣ የልጅ ቢጫ የጎማ ጫማ ነበር። እታገኘሁ ራሷ ከፒኜቶ ገበያ የገዛችው። ጠዋት አላየችውም።

«የባለቤቶቹ ልጅ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለ መስፍን። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። «የሚገርም ነው። አሥር ዓመት አውቀዋለሁ፣ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ማን ነው ያነሳው? እንዲህ የሚስቀው ለማን ነው?»

መስፍን ስልኩን አወጣ።

«ለማስታወሻ» አለና ፎቶውን ፎቶ አነሳ። ቀጥሎ በሁለት ጣቱ ቦቲውን አሰፋው።

እታገኘሁ ፎቶው ከግድግዳው እንዲወርድ ለመነች። ልቤ አልቻለም፣ ሳቁን ባየሁ ቁጥር እብሰለሰላለሁ፣ ቢያንስ ጨርቅ ጣሉበት አለች። ጋሽ ዑቕባዝጊ እጇን ይዘው አባበሏት።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ፊት ለፊት አልቅሶ ነው የሚወጣው። እስከ ሰባተኛው ቀን አይነካም።»

* * *

የሚስቀው ለእሷ ነበር፤ ለእታገኘሁ።

ሶፍያ ከገባች በሦስተኛው ወር፣ ከፍያለው እዚያ ሰንብቶ ሳለ፣ እታገኘሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በአውቶቡስ ሄደች። የሚያስገባውን መንገድ ታውቀዋለች፤ ቢያንስ ሃያ ጊዜ በመኪና ሄዳበታለች። በእግሯ ስትደርስ ግን ቤቱ የለም። ሰሌዳውን አልፋ ወጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አልፋ ወረደች። ሁለተኛ ጊዜ ስታልፍ እግሯ ዝሎ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ከጀርባዋ እሾሁ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ቤት ይፈልጋሉ?»

በአሥር እርምጃ ውስጥ ቆሞ ሲያያት ኖሯል። እየሳቀ እጇን ይዞ በጠማማው አስገባት፤ በሩ ጋ ሲደርሱም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሶፍያ ከውስጥ ወጥታ ይህን ጉድ አየች። «ጋሼ፣ ስልክህን አምጣ! ይሄማ ሳይነሳ አይቀርም» ብላ ከኪሱ ነጥቃ አነሳችው። እዚያ ቤት የተነሳ ፎቶ ያ ብቻ ነው። ስልኩም መዘጋት የነበረበት እዚያው መንገድ ላይ ነበር፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፣ የጣሰውም እሱ።

ሰውየው ሁሉን ነገር መደበቅ ቻለ። በሥራው መኩራቱን ብቻ መደበቅ አቃተው።

* * *

በሣልስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስፍን ሁለት ካርቶን ውሃ አስገብቶ እጁን አራገፈ።

«እትዬ፣ ዛሬ ብዙ አልቀመጥም። ለሰባቱ ምግብ የሚሆን ጥሩ ዘይት ከገበሬው ላመጣላችሁ አስቤያለሁ። ሳቢና በኩል።»

«ይባርክህ!» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

እታገኘሁ ሐዘንተኛ ናት፤ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም። ኣስገደት ከጎኗ ከተቀመጠች ሦስት ቀኗ ነው። ሽንት ቤት ስትገባም በሩ ላይ ቆማ «እታጉዬ፣ አለሽ?» ትላለች። ስለዚህ ሲስተር ወለተ ገብርኤል ስትገባ እታገኘሁ አንድ የቀረላትን ተጠቀመች።

«ከሲስተር ጋር መጸለይ እፈልጋለሁ። ብቻዬን።»

መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ጮክ ብለው «አባታችን ሆይ» ጀመሩ፤ ሲስተር ስትቀጥል እታገኘሁ በመሃሉ ታንሾካሹክ ነበር።

«ዛሬ ይሄዳል። ቦታውን አውቆታል፣ ቤቱን ብቻ ነው የቀረው። አሁን ሂጂና አውጫቸው።»

«... ስምህ ይቀደስ ... የት ልውሰዳቸው?»

«እናንተ ጋ።»

«እኛ ጋማ አምና ሁለት ጊዜ መጥቶ ፈትሾናል እኮ። ... ፈቃድህ ይሁን ...» ሲስተር ቆም አለች። «ለሦስተኛ አይመጣም። ልክ ነሽ። መንገዱን ንገሪኝ፣ እኔ ደርሼበት አላውቅም።»

እታገኘሁ በቅዱሳን ሥዕል ጀርባ ላይ ሳለችላት። «ይሸጣል» የሚለው ሰሌዳ፣ ከእሱ አርባ እርምጃ፣ የወደቀ ግንድ፣ ከግንዱ ጀርባ ጠማማው።

«ሲስተር ... ከፍያለው መሞቱን አታውቅም። ዓርብ ይመጣል ብላ እስካሁን እየጠበቀችው ነው።»

«እነግራታለሁ።»

«መኪና ውስጥ ንገሪያት። እዚያ ከነገርሻት ጮኻ ታለቅሳለች።»

ሲስተር «አሜን» ብላ ወጣች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር። መስፍን ኮቱን እየለበሰ ነው።

«መስፍን» አለች እታገኘሁ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ወንድም የለኝ፣ ወንድሙም የለም። ሣልስት ነው፣ ሰው ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበልልኝ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

በር ላይ ቆሞ መቀበል የቤተሰብ ክብር ነው። ጋሽ ዑቕባዝጊ «ትክክል!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። መስፍን ለሰከንድ ያህል ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ ኮቱን መልሶ ሰቀለ።

«በደስታ፣ እትዬ።»

ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ለገባው ሁሉ ጎንበስ እያለ። እጁ ግን በኪሱ ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ ያገላብጣል። እታገኘሁ ፎቶውን አታይም፣ ቁልፉን ነው የምታዳምጠው። አምስት ሰዓት ሲሆን ነጠላዋ ሥር የያዘችው ስልክ ነዘረ፤ ሲስተር ናት።

«ሁለቴ አለፍኩት መሰለኝ። ቤት የለም። ሰሌዳውም ሁለት ነው።»

ከፍያለው ሁለተኛ ሰሌዳ መትከሉን ለእሷም አልነገራትም። በነጠላዋ ተሸፍና «ከዛገው ተነሺ» ብላ ጻፈች። በባሏ በአንድ ትንፋሽ ኮራች፣ በዚያው ትንፋሽ ረገመችው። እንኳን መስፍን፣ የምታድናቸውም አላገኘችው!

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መስፍን ኮቱን ለበሰና መጣ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ገበሬው ሳይዘጋ ልድረስ። ማታ እመለሳለሁ።»

ከሲስተር ሌላ መልእክት አልመጣም። ሌላ የሚሰጠው ሹመትም የለም። እታገኘሁ ከፍራሹ ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ደረቱ ላይ ወደቀች። በሁለት እጇ የኮቱን ደረት ጨምድዳ ያዘች።

«አንተም ልትሄድ ነው? እሱም እመለሳለሁ ብሎኝ ነው የወጣው!»

ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናወጠ። መስፍን እጇን በቀስታ ሊያላቅቅ ሞከረ። ሠላሳ ሰው ያያል፤ ሠላሳ ሰው እያየ ባል የሞተባትን ሴት ከደረቱ የሚነቅል ሰው በሮማ ከዚያ ወዲያ አይኖርም። ይህን መስፍን ከማንም በላይ ያውቃል።

«እትዬ ... እትዬ፣ በቃ ...»

«ተዋት ልጄ፣ ይውጣላት!» አሉ ጋሽ ዑቕባዝጊ። ወንበር ከኋላው ሰጡት። ተቀመጠ፤ እሷም አብራው ወረደች። ጆሮዋ ደረቱ ላይ ነው። ልቡ ሲቸኩል ትሰማዋለች።

ለማስመሰል ነበር የጀመረችው። ግን ሰው ሲለቀስለት ሥራው ይጠራል፤ ይህንም ወግ አፏ ያውቀዋል።

«ጫማውን በር ላይ የሚያራግፍ! አበባ ሳይቀጥፍ የሚያጠጣ! ለድመት ቦታ የሚለቅ!» እያለች ጠራችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ጠርታ ጠርታ ወደ ትልቁ ሥራው ደረሰች፤ ሰው ሆኖ ሠርቶት ወደሚያልፈው አንድ ሥራ። አፏን ከፈተች። የምትነግረው ሰው ኮት በእጇ ነው። ቃሉን በጥርሷ ያዘችው። ያኔ እውነተኛው ለቅሶ መጣ፤ ቃል የሌለው፣ ከሆዷ ሥር የሚነሳ። ኣስገደት እንኳ ፈርታ ወደ ኋላ አለች።

አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት ሰዓት አላወቀችም። ከነጠላዋ የወደቀው ስልክ ወለሉ ላይ በራ። ኣስገደት አነሳችው።

«ሲስተር ናት። ‹ገዳም ገባሁ፣ በሩንም ዘግቻለሁ› ትላለች።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «አሁን ይሄ ለሐዘንተኛ የሚጻፍ ነገር ነው?»

መስፍን አልሰማም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው።

አልቋል። እታገኘሁ ልትለቀው ትችላለች። ይሂድ፣ ይፈልግ፣ ቢያገኘውም ባዶ ቤት ነው። እጆቿን «ልቀቁ» አለቻቸው፤ አልሰሟትም።

ኣስገደትና ሌላዋ ሴት ጎንበስ ብለው ጣቶቿን ከኮቱ ላይ አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመሩ። «በቃ እታጉዬ፣ በቃ የኔ እናት» ይሏታል። አውራ ጣቷን ነቅለው ወደ ሌላው ሲሄዱ ትንሿ ጣቷ ተመልሳ ትይዛለች።